ለብስክሌት መያዣ ሆኜ የዋልሁበት

የልጅ ልጄ ብስክሌት ልትገዛ እንዳሰበች የነገረችኝ በዓቢይ ጾም አጋማሽ፣ ላሟን እያለበች ነበር። ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ አስደግፋ ስለምታወራ መጀመሪያ ከላሟ ጋር የምትጫወት መስሎኝ ዝም አልሁ። ቀጥላ ያለችውን ግን ለእኔ እንዳለችው አወቅሁ።

«ይኼ የወተት ነገር ከፋሲካ በኋላ ካልተሳካልኝ፣ እማማ፣ እመለሳለሁ።»

ወዴት ብዬ አልጠየቅኋትም። ከዐረብ አገር ከመጣች ሁለት ክረምት አልፏል። ያኔ የላካት ደላላ ዛሬም ይደውላል። የሌላ ሰው ስልክ ሲሆን እቤት ውስጥ ታነሣለች፤ የእሱ ሲሆን ወደ ጓሮ ትወጣለች።

እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችብኝ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ስትሄድም የሸኘኋት እኔ ነኝ። እዚያ ሆና ስትደውልልኝ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማት እየፈራች እንደምታወራ ያስታውቅ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ወተቱ ዕቃው ውስጥ ሲወርድ እየሰማሁ አንድ ነገር ቆረጥሁ፤ ይህች ልጅ ዳግመኛ አትሄድም። አትሂጂ ብዬ ግን አልለመንኋትም። በልመና የቀረ ሰው አላየሁም። ወተቱ በጊዜው ከተማ ከገባ ትቀራለች፤ ካልገባ ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ዝቅ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ነው። ከደጃችን እስከ ወንዙ ቀይ አፈር ነው፤ ወንዙ ራሱ ድንጋይ ነው፤ ከወንዙ ሲወጡ በማሳ ዳር የሚያልፍ የከብት መንገድ አለ፤ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አስፋልት። አስፋልቱ እስከ ከተማው ድረስ ዳገት ነው። ይህን መንገድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም ብል መኩራራት አይሆንብኝም። እግረ ቀላል ሴት ነኝ፤ አገሩም በዚህ ያማኛል። ንግሥ ተብሎ የምቀርበት ደብር የለም። ጉልበቴን ሲያመኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ እሰነብታለሁ፤ ይፋግ የተዳረች እህቴን አይቼ ልምጣ ብዬ ወጥቼ ሳምንት የምቀርበት ጊዜ አለ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደልም የለየሁት እሷው የልጅ ልጄ ትንሽ ሳለች ስታጠና አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው። የመንገድ ነገር ሲሆን ግን የትኛው ድንጋይ እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው ጭቃ ጫማ እንደሚያስቀር በጨለማም ቢሆን አልስተውም።

የወተቱ ነገር እንዲህ ነው። ልጅቱ የእኛን ላም ወተትና የጎረቤቶቻችንን ትሰበስብና በጀሪካን አዝላ አስፋልት ታወጣለች። እዚያ ቆማ መኪና ትጠብቃለች። ቤንዚን ሲጠፋ ሚኒባሱም ባጃጁም ይቀራል። ሲገኝም ሞልቶ ይመጣና ጀሪካን የያዘች ሴት ሲያይ አይቆምም። ፀሐዩ ከፍ ይላል፤ ወተቱ ይሞቃል፤ ከተማ ሲደርስ ጠረኑ ተለውጧል። የምትሸጥላት የወተት ቤት ባለቤት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን የእሷም ደንበኛ ወተት የሚጠጣው ጧት ነው። ደጋግማ መለሰችባት። በቅበላው ሰሞን ደግሞ ቁርጡን ነገረቻት፤ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ መላ ፈልጊ፣ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ትኩስ ወተት በጧት ካላደረስሽልኝ ሌላ አምጪ አለኝ አለቻት። እንግዲህ ብስክሌቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ብስክሌት መንዳት የተማረችው እዚያው ሰው አገር ነው። የምትሠራበት ቤት ልጆች ብስክሌት ነበራቸው። እነሱ ትምህርት ቤት ሲሄዱና እመቤቲቱ ስትተኛ ግቢው ውስጥ ትነዳው ነበር። ግቢው በግንብ የታጠረ ስለሆነ ዙሪያውን እንጂ ወደፊት አይኬድበትም። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅሁም።

ልጄ፣ አጎቷ ማለት ነው፣ ሞተር ይሻላታል አለ። ሞተር የሚጠጣው ያንኑ የጠፋውን ቤንዚን ነው ብዬ አፉን አስያዝሁት። ጎረቤታችን ያለችው ሴት ደግሞ ነገሩን ስትሰማ በአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ወተቱን ልትወስጂው ነው ወይስ ልትንጪው?» ብላ ሳቀችባት። ልጅቱ ተናደደች። እኔ ግን ነገሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ከዐረብ አገር ካመጣችው የተረፋት ገንዘብ አንድ ብስክሌት ይገዛል፤ ተሳስቶ ሌላ ለመግዛት አይበቃም። ስለዚህ መሳሳት አይገባንም ነበር።

ቅዳሜ ገበያ አብረን ወጣን። ብስክሌት የሚሸጥበት ሱቅ ከገበያው በላይ፣ ባጃጆች የሚሰለፉበት ጥግ ላይ ነው። ባለሱቁ ጢሙን ያሳደገ ወጣት ሙስሊም ነው፤ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ለታላቅ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣ። ዱካ አምጥቶ አስቀመጠኝና ምን እንደምንፈልግ ጠየቀ። ልጅቱ ብስክሌት አለችው። ለአስፋልት ነው ለገጠር? አላት። ለሁለቱም አለችው። ሁለት ብስክሌት አወጣ። አንደኛው ጎማው እንደ ጣቴ የቀጠነ፣ ቀላል፣ ጎንበስ ተብሎ የሚነዳ ነው። ሁለተኛው ጎማው የወፈረ፣ ጥርስ ያለው፣ ከፊቱና ከመሐሉ መንገድ ሲመታው ከፍ ዝቅ የሚል የብረት ሞላ ያለበት ነው። ለአስፋልት ከሆነ ይህን፣ ለገጠር ከሆነ ያንን ግዙ፣ ሁለቱንም መንገድ አንድ ላይ የሚወድ የለም አለን።

ልጅቱ ቀጭኑን ወደደችው። ዓይኗ ከእሱ አልነቀል አለ። ከዳገቱ የሚያወጣኝ ይኼ ነው አለች። እኔ በዓይን አይቶ መግዛት አልሆንልሽ አለኝ። በእኛ ዘንድ በሬ የሚገዛ ገበሬ ገበያ ላይ በማየት ብቻ አይገዛም። ወስዶ በራሱ ማሳ፣ ከራሱ በሬ ጋር አጣምዶ ያርስበታል። እስኪመልሰው ወይም እስኪከፍል ሻጩ ዘንድ መያዣ ይቀመጣል፤ ዕቃም ይሁን ሰው። አባቴ አንድ ጊዜ ወንድሙን መያዣ አድርጎ በሬ ነድቶ መጥቶ ነበር፤ አጎቴ ከሻጩ ቤት የተመለሰው ጠግቦ፣ የሻጩንም ልጅ ለትዳር አጭቶ ነው። ለባለሱቁ ይህንኑ ነገርሁት። ልጅቱ ብስክሌቱን ይዛ ቤት ትውረድ፤ የጧቱ ወተት እቤት አለ፤ በጀሪካን ጭና ትመለስ፤ ወተቱ ደኅና ከደረሰ እንገዛለን አልሁት።

«እማማ፣ ሳይክል እኮ በሬ አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ ልጄ። በሬ ቢሆንማ አይቼ እለየው ነበር። የማላውቀው ነገር ስለሆነ ነው።»

«ይዛው ብትጠፋስ?»

«እኔ አለሁ። እስክትመጣ ድረስ ከዚህ ዱካ አልነሣም። መያዣው እኔ ነኝ።»

ልጅቱ በኀፍረት መሬት መሬት አየች። ባለሱቁ እኔንም ብስክሌቱንም እያየ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሳቀና፣ ሽማግሌ ሴት መያዣ ይዞ የሚነግድ ነጋዴ በከተማው እሱ ብቻ እንደሚሆን ተናገረ። ከኋላ መጫኛ ገጠመላትና ሰደዳት።

ሌላ ችግር ግን ነበረብን። ጾም ነው። በጾም የሚታለበው ወተት ለሕፃናትና ለቅቤ ነው፤ እኛ አንቀምሰውም። ወተቱ ደኅና መድረሱን ማን ይመስክር? በዓይንና በሽታ የሚታወቅ አለ፤ ምላስ ካልዳኘው ግን የማይታወቅም አለ። ባለሱቁን የእናንተ ጾም ተፈቷል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ኢድ አለፈ እኮ እማማ አለኝ። እንግዲያው ቀማሹ አንተ ነህ አልሁት። ሻጩም እኔ፣ ዳኛውም እኔ፣ እንዴት ያምኑኛል አለ። እኔ ደግሞ፣ ከዋሸኸኝ ልጅቱ በየቀኑ በደጅህ ስታልፍ ታያታለህ አልሁት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም።

እኔን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። እግሬ ያሳክከኛል። ገበያው እንደ ንብ ይጮኻል፤ በርበሬውም ሽንኩርቱም ይታየኛል፤ ቃል ስላለብኝ ግን አልነሣም። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያልፉ ቆም ይላሉ። አንዷ የማኅበር ጓደኛዬ ምነው እዚህ ተቀመጥሽ አለችኝ። ተይዤ ነው አልኋት። በምን ተያዝሽ አለች። በብስክሌት አልኋት። እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ታወራዋለች።

ልጅቱ ቶሎ ተመለሰች። ላቧ ይወርዳል፤ ጥርሷ ግን ይስቃል። አስፋልቱን እንዴት እንደወጣችው ነገረችን፤ ሚኒባስ ሳይቀድማት እስከ መታጠፊያው መድረሷን ደጋግማ አወራች። ቀይ አፈሩ ላይ ጎማው እየሰመጠ እንዳስቸገራት፣ ድንጋዩ ላይ እጇን እስኪደነዝዛት እንደመታት ደግሞ ቀስ ብላ አስከተለች። ባለሱቁ ብርጭቆ አመጣና ከጀሪካኑ ቀዳ። ከላይ ቢጫ ቢጫ ፍርፋሪ ተንሳፈፈ። ወደ አፉ አስጠግቶ ቀመሰ፤ ጢሙ ላይ ቅቤ ቀረበት።

«ቅቤ ከሆነ የምትነግዱት፣ ከዚህ የተሻለ ሳይክል የለኝም» አለ።

መንገዱ ወተቱን ንጦት ነበር። የጎረቤቴ ፌዝ ፌዝ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ፤ እሷ ግን ይህን እንዳትሰማ ልጅቱን አስጠነቀቅኋት።

ባለሱቁ ወፍራሙን አወጣ። ይህ አይንጥም፣ ሞላው ይመታዋል እንጂ ወተቱን አይመታውም፤ ወጣቱ ሁሉ የሚገዛው ይህንኑ ነው አለ። ልጅቱ ልትወጣበት ስትል አቆምኋት። «አንሺው» አልኋት። ያለ ወተቱ፣ ባዶውን። ከጉልበቷ ከፍ አላለላትም። ወንዙ ሲሞላ ድንጋይ ለድንጋይ ተሸክማው መሻገር አለባት፤ ይህን አውቀዋለሁ፣ እኔ ራሴ ዱላ ይዤ የምሻገርበት ነው። ዳገቱንም አሰብሁት፤ ያንን ሁሉ ብረትና ወተቱን ይዛ ጧት ጧት ስትገፋ ታየችኝ። በአንድ ሳምንት ትሰለቻለች። የሰለቸች ቀን ጓሮ ወጥታ ስልኩን ታነሣለች። አይሆንም አልሁ። ባለሱቁ ሳይሞከር እንዴት ይባላል፣ ሙከራ ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ ብሎ ተሟገተኝ። በሬም ገና ሲያዩት የሚያነክስ ከሆነ አይጠመድም አልሁት።

 ወደ ቤት ስንመለስ ከወንዙ ስንደርስ ልጅቱ፣ እኔ ድንጋዩን እያየሁ ሳለ፣ «ለእንዲህ ዓይነት አገር የሚሆን አልተሠራም ማለት ነው» አለች። ስለ ብስክሌቱ ብቻ የተናገረችው አልመሰለኝም። ሲመሽ ስልኳ ጠራ። ጓሮ ወጣች። በግድግዳው በኩል የሰማሁት አንድ ቃል ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ቁርጡን እነግርሃለሁ አለችው።

በማግስቱ ቅዳሴ ሰምቼ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ዙረት የወጣሁ መስዬ፣ ብቻዬን እየተነሣሁ ወደ ሱቁ ተመላለስሁ። የት ሄደሽ ስባል ለቅሶ እላለሁ፣ የታመመ ጥየቃ እላለሁ። የእኔ መጥፋት ለማንም አዲስ ስላልሆነ የተጠራጠረኝ የለም። ሱቁ ደጃፍ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ መንገዳችንን ለባለሱቁ ቁርጥ በቁርጥ ነገርሁት። ከደጃችን እስከ ወንዙ አፈሩ ሲደርቅ ዱቄት እንደሚሆን፣ ወንዙ ላይ ወርዶ መግፋት ግድ እንደሆነ፣ የከብቱ መንገድ ሸካራ ቢሆንም ሹል ድንጋይ እንደሌለበት፣ ጠጠሩ አጭር እንደሆነ፣ ከሁሉ የሚረዝመው አስፋልቱ መሆኑን። መጀመሪያ ሥራውን እየሠራ በአንድ ጆሮው ይሰማኝ ነበር። በኋላ መፍቻውን አስቀመጠ።

«የሚበዛው አስፋልት ነው ማለት ነው» አለ።

«የሚበዛው አስፋልት ነው። ወተቱን የሚያበላሸው ግን የቀረው ነው።»

ጢሙን እየሳበ ቆየ። ከዚያ በኋለኛው ክፍል ካርቶኑ ሳይፈታ የቀረ አንድ እንዳለ ነገረኝ። ከዕቃ ጋር ተቀላቅሎ የመጣለት ነው። የከተማው ሰው ጎማው ወፈረ ብሎ አይፈልገውም፤ የገጠሩ ሰው ቀጠነ ብሎ አይፈልገውም፤ ሞላ ስለሌለው ወጣቱ ይንቀዋል። ስለዚህ ገጣጥሞ ቢያወጣው ቦታ እንዳይዝበት ብሎ ትቶታል። አውጣው አልሁት። አሁን አለ። አሁን አልሁት።

ሲገጥመው አጠገቡ ሆኜ አየሁ። ጎማው ከቀጭኑ ወፈር፣ ከወፍራሙ ቀጠን ያለ ነው፤ መሐሉ ለስላሳ፣ ዳርና ዳሩ ጥርስ ያለው። ብረቱ ከፊት ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ቀሚስ የለበሰች ሴት እግሯን ሳታነሣ ትገባበታለች። ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ አለው። በአንድ እጄ ላነሣው ሞከርሁ፤ ከመሬት ለቀቀ። ባለሱቁ ጎማውን ነፋና በአውራ ጣቴ እንድጫነው አደረገኝ፤ ከዚያ ትንሽ አስተነፈሰና እንደገና አስጫነኝ። ለስላሳ ሆነ። ወተት ሲጫን እስከዚህ ድረስ ብቻ ይነፋ፤ ከዚህ ከጠበቀ ይንጣል፣ ከዚህ ከላላ ዳገቱ ላይ ይከብዳታል አለኝ። ጣቴ ያንን ልክ እንዲይዝልኝ ደጋግሜ ተጫንሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱን ይዣት ስመጣ ብስክሌቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ቀጭኑን የወደደችበት ዓይን አልነበራትም። ማንም ያልፈለገውን ዕቃ ሊሸጥልን ነው ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ሞክሪው ብቻ አልኋት። እኔ ዱካዬ ላይ ተቀመጥሁ፤ እሷ ወረደች።

ቀጭኑን ይዛ በተመለሰችበት ሰዓት አልመጣችም። ይህኛው ቀስ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ፀሐዩ ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ ያለ ወቅቱ ደመና መጣና ዶፍ ጣለ። የገበያው ሰው በየቆርቆሮው ሥር ተጠለለ። ወንዙን አሰብሁት። ዝናቡ አባራ፤ አልመጣችም። ባለሱቁ ስልኳ ላይ ደወለ፤ ተዘግቷል የሚለው የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። መልሶ ደወለ፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ እሱ መንገዱን እያየ ስለ ብስክሌቱ፣ እኔ መንገዱን እያየሁ ስለ ልጅቱ እንጨነቅ ጀመር። ጧት ከቤት ስትወጣ ቦርሳዋን ይዛ ነበር። ለምን እንደያዘች አልጠየቅኋትም። ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መኪና የሚቆመው ጠጠሩ አስፋልቱን በሚገናኝበት ቦታ ነው። ብስክሌቱን የሆነ ሰው ዘንድ አስቀምጣ መሳፈር ማንም ሳያያት ይቻላል። ይህን ሁሉ አሰብሁ።

የሰላት ሰዓት ደረሰበት። ሱቁን ልዝጋ አይል፣ እኔ ደጁ ላይ አለሁ፤ ትቶኝ እንዳይሄድ ደግሞ መያዣው እኔ ነኝ። ቆሞ ሲያመነታ ተገነዘብሁት።

«ሂድ ልጄ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ። ብጠፋ የት እንዳለሁ ታውቃለህ፤ ልጅቱ ካለችበት ነኝ።»

«እማማ፣ ልጅቱ የት እንዳለች ማናችን እናውቃለን?» አለና ሄደ።

እውነቱን ነው። ሱቁን በሙሉ ለመያዣው ትቶ የሄደ ነጋዴም ከእሱ ሌላ አላየሁም። አንድ ሰው የጎማ ካላማዳሪ ፈልጎ መጣ፤ ቁጭ በል፣ ባለቤቱ ፈጣሪው ዘንድ ሄዷል፣ ይመጣል አልሁት። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ከባለሱቁ በፊት የመጣችው እሷ ነበረች።

በገበያው በኩል መጣች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው። ከሥሩ የለበሰችው ሱሪም ጭቃ ነው። ጀሪካኑ ከኋላዋ ታስሯል፤ ፊቷ የደከመ ሰው ፊት ነው፤ ግን ወረደችና ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ስታስደግፈው፣ የራሷ የሆነ ነገር እንደምታስቀምጥ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። ይህን አየሁ። የት ቆየሽ አልኋት።

ወተቱን ጭና ከወንዙ ስትደርስ ዝናቡ ያዛት። እስኪያልፍ ከዛፍ ሥር ከምቆም ብላ ብስክሌቱን ተሸክማ ወደ ማዶ ተሻገረች። ማዶ፣ ከመንገዳችን ራቅ ብለው ያሉት ቤቶች ብዙ ላም ያላቸው ናቸው፤ በጀርባዋ ስትሸከም እዚያ ድረስ መሄድ አስባው አታውቅም። ቤት ለቤት ገብታ ከፋሲካ በኋላ ወተታቸውን እንዲሰጧት ጠየቀቻቸው። አንዲት ሴትዮ ይህ ብረት እስከ መቼ ይቆያል፣ አንቺስ እስከ መቼ ትቆያለሽ አለቻት።

«ምን አልሻት?» አልሁ።

«እቆያለሁ አልኋት።»

ሌላ ነገር ባትጨምር ይበቃኝ ነበር። እሷ ግን ስልኳን ለምን እንደዘጋች ልትነግረኝ ፈለገች። ደላላው እየደጋገመ ይደውል ነበር። «ፍሬን ይዤ እንዴት ላንሣለት» አለችኝ፤ ቦርሳዋን ከፍታም በፌስታል የጠቀለለችውን ስልክና ጧት የያዘችውን ደረቅ ሻሽ አሳየችኝ። ዝናብ ከመጣ ብላ ነው የያዘችው።

ባለሱቁ ተመለሰ። ብስክሌቱን ሲያይ እፎይ አለ። ካላማዳሪ ፈላጊው ምን እንደሚደረግ ሊያይ ቆመ። ብርጭቆው መጣ፤ ወተቱ ተቀዳ። ከላይ ምንም የለበትም፤ ነጭ ነው። ባለሱቁ ጠጣ። እንደገና ቀዳና ጨርሶ ጠጣው።

«ዝናቡ አቀዝቅዞት ሊሆን ይችላል፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፀሐይ ቢሆን ምን እንደሚሆን አላውቅም። መንገዱ ግን አልነጠውም። ይኼ ጣፋጭ ወተት ነው» አለ።

ፀሐይ በሆነበት ቀን በጧት ትነሣለች አልሁት። ልጅቱ ከፈለች። እኔ ከዱካው ልነሣ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ባለሱቁ ክንዴን ይዞ አነሣኝና መያዣው ተለቋል አለ። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውን ወተት ለልጆቹ እንዲወስድ ሰጠነው።

ከፋሲካ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሰኞ ደግሞ እነግራለሁ፣ የተቀመጥሁት ለእሱ ነውና። ልጅቱ ስትወጣ አልሰማኋትም። ስነሣ ብስክሌቱ ከነበረበት የለም፤ ጎማውን የምትነፋበት መንፊያ ብቻ መሬት ላይ ወድቋል። እቤት መቀመጥ አልሆንልሽ አለኝ። ነጠላዬን ለብሼ በመንገዱ ወጣሁ፤ ወንዙን ተሻግሬ፣ የከብቱን መንገድ ይዤ፣ ጠጠሩ ላይ ስደርስ ከመታጠፊያው በላይ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ። ፕላስቲክ ብረት ሲመታ ነው። ሙሉ ጀሪካን አይንኳኳም።

ቁልቁለቱን እየበረረች መጣችና አጠገቤ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። ጠጠሩ ተረጨብኝ። ምነው እዚህ ድረስ ብላ ልትቆጣኝ ጀመረች። እኔ ጀሪካኑን በመዳፌ መታሁት። ባዶ ነው። የወተት ቤቷ ሴትዮ ሙሉውን ተቀብላ ነገ ጨምሪ እንዳለቻት ነገረችኝ። የማዶዎቹ ሴቶች የማታ ወተታቸውን እንዳያረጉት ሄጄ ልንገራቸው አለች፤ ቃል ሰጥተውኛል እንጂ ከዛሬ እንደምጀምር አያውቁም አለች።

«ቁርስ አልበላሽም» አልኋት።

«እዚያው እበላለሁ፤ ዶሮ ያልተረፋቸው ቤት የለም ዛሬ» አለችና ወጣችበት። ወደ ወንዙ የሚወርደውን ስትይዝ ከከብቶቹ ጋር ያሉት ሰዎች መንገድ ለቀቁላት። እኔ ወደ ቤት ተመለስሁ፤ ለማታው ለላሟ ድርቆሽ ማውረድ ነበረብኝ።